ተረቴን መልሱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የአንዲት አሮጊት መልስ

ምስር እየለቀምኩ ነው ደብዳቤ የማነበው፤ ጠጠሩ ወዲያ፣ ጥያቄው ወዲህ። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ግን አንዱም የሚጣል አልሆነልኝም። ሁሉም በየፊናቸው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ሃይማኖታችንን ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለተመልካች በታሪክና በጨዋታ ስንነግር እንዴት እናድርገው? አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ 31 ዓመት አንደኛ ክፍል ሀ ሁ ያስቆጠርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ታሪክ የምነግር ሴት ነኝ። ጎንደር ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያረጀሁት። አስተማሪ እንጂ ሊቅ አይደለሁም፤ የሊቅ ጥያቄ ያለው ወደ ሊቅ ይሂድ።

*

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ የቅዱሳንን ታሪክ ልነግረው እሞክራለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ‹ስልክሽን ስጪኝ› ይለኛል። ከስልክ ጋር እንዴት ልወዳደር?»
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

ልጄ፣ አትወዳደሪ። ስልክ እጅ የለውም፣ አንቺ አለሽ።

ቅዱስ ያሬድን እንዴት እንደጀመርሽለት ልገምት? «ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ፤ ታላቅ የዜማ ሊቅ ነበረ።» ይህ የፈተና መልስ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ አልተፈተነም። እኔ በትሏ ነው የምጀምረው። የልጁን እጅጌ ሰብስቢ። ክንዱ ዛፍ ነው፣ ጣትሽ ትል ናት፤ ትከሻው ላይ ደግሞ የዛፉ ፍሬ አለ። ትሏ ከመዳፉ ተነሥታ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ክርኑ ጋ ስትደርስ ዱብ! «ስንት?» በይው። «አንድ» ይላል። እንደገና ትወጣለች፣ ዱብ። ስድስት ጊዜ ትወድቃለች። አራተኛው ላይ ብብቱ ድረስ አድርሻት፤ ይስቃል። አምስተኛው ላይ ግን ዝም ብሎ ጣትሽን ያያል፣ ይህንን ከስንት ልጅ ጋር አይቼዋለሁ። በሰባተኛው ትሏ ፍሬው ላይ ትደርስና ትበላለች።

ያኔ ብቻ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና፣ ከዛፉ ሥር አንድ ልጅ ተቀምጦ ሲያያት እንደነበር ንገሪው። ጀርባው ላይ የአለንጋ ሰንበር አለ። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን፣ ገርፈውት ከአክሱም ኮብልሎ ማይ ኪራህ የሚባል ቦታ ደርሶ ነው የተቀመጠው። ልጁ ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ፤ ወደ መምህሩ ተመለሰ። አለቀ። መብራቱን አጥፊ።

«ስለዚህ አንተም ትምህርትህን…» እንዳትዪ! እኔ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን እል ነበር። አንድ ቀን «ስለዚህ ልጆች» ብዬ ጣቴን ሳነሣ አንዱ ትንሽዬ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ትሏ ፍሬው ጣፈጣት?» አለኝ። ልጁ ገና ዛፉ ላይ ነው፤ እኔ ጎትቼ ላወርደው ነበር።

*

«ውድ እትዬ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክፍል አገለግላለሁ። ባለፈው የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት በዓል የበላዔ ሰብእን ታሪክ በድራማ አቀረብን። ሰው እስከ መጨረሻው በጸጥታ ተከታተለ። ከዚያ ተራኪያችን ትርጉሙን ማብራራት ሲጀምር እናቶች ነጠላቸውን እያጣፉ መነሣት ጀመሩ። ምን አጠፋን?»
አንድ ወጣት፣ ከሀዋሳ

የኔ ልጅ፣ ድራማህን ሳላየው ወደድኩት። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በላዔ ሰብእ ቅምር በሚባል አገር የሚኖር፣ እንግዳ ሳይቀበል እህል የማይቀምስ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን እንግዳ መስሎ መጣና ልጁን አሳረደው፤ ከሥጋውም አስቀመሰው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ አልጥም አለው። ቤተ ሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። በመጨረሻ መንገድ ላይ አንድ ቁስለኛ ውሃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ፣ በጻድቃን ስም ቢለምነው እምቢ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ለጉሮሮ እንኳ አልበቃችም። ሰውየው ሲሞት በሚዛን ተመዘነ፤ ባንድ ወገን 78 ነፍስ፣ ባንድ ወገን ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችበት፤ ሚዛኑ በውሃው በኩል ደፋ።

እንግዲህ ይህን ካሳየህ በኋላ ምን ቀረህና ነው ማይክ የምታነሣው? እናቶቹ የተነሡት ሰልችቷቸው አይመስለኝም፤ የመጡበትን ስላገኙ ነው። ውሃውን ጨብጠው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ተራኪያችሁ መንገድ ላይ ቆመባቸው።

ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት የቀረበበትን ቦታ አንብበው፣ 2ኛ ሳሙኤል 12። ንጉሥ ኦርዮንን አስገድሎ ሚስቱን ወስዷል። ናታን «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ብዙ በግ ስላለው ባለጠጋና አንዲት ጠቦት ብቻ ስላለችው ድሃ ነገረው፤ ጠቦቷ ከድሃው እንጀራ ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር። ባለጠጋው እንግዳ መጣበትና የራሱን ትቶ የድሃውን ጠቦት አረደ። ዳዊት ተቆጥቶ «ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል» ሲል፣ ናታን አራት ቃል ተናገረ፦ ያ ሰው አንተ ነህ። ተግሣጹ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፣ እሱን አልክድም፤ ዳዊት ግን አስቀድሞ በገዛ አፉ በራሱ ላይ ፈርዷል። እስቲ ናታን ጠቦቷ የምን ምሳሌ እንደሆነች በሦስት ነጥብ ሲያብራራ ይታይህ። ዳዊት ገና በሁለተኛው ነጥብ ላይ ጥበቃ ይጠራ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ሁለት ነገር ልስጥህ። ሚዛኑን በወረቀት አትሥሩት፤ ከገበያ እውነተኛ ሚዛን ተዋሱ። በአንዱ ወገን ልጆቹ 78 ሽምብራ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይጣሉ። ይረዝማል ብለህ አትፍራ፣ መርዘሙ ነው ሥራው። ሠላሳ ላይ ሰው ይስቃል፣ ሃምሳ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ አንዲት ልጅ በመዳፏ ውሃ ይዛ ትምጣ፤ በሌላኛው ወገን ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ማይኩን ጠጋ አድርጉት፣ ሌላ ድምፅ አይኑር።

ሌላው ደግሞ ከሠዓሊዎቻችን የተማርኩት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። ሰይጣን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ቀንድና ጥቁር ጨርቅ አያስፈልገውም። መድረኩ ላይ ካለ ለአንድ አፍታም ፊቱን ወደ ሕዝቡ አያዙር፣ በጎን ብቻ ይታይ። በላዔ ሰብእም ሰው መብላት ከጀመረ ወዲህ እንዲሁ በጎን ይሁን። ውሃውን ሲሰጥ ግን ወደ ሕዝቡ ይዙር።

*

«ወይዘሮ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከአሮጊቶች ተረት ራቅ ይለዋል (1ኛ ጢሞ. 4፥7)። እርስዎ ግን በየወሩ ቃለ እግዚአብሔርን ከተረት ጋር ያቀላቅሉብናል። ያስቡበት።»
አንድ አባት፣ ከባሕር ዳር

አባቴ፣ ጥቅሱን ሳነብ ጎረቤቴን ጠርቼ አብረን ሳቅን፤ አሮጊት መሆኔን በሐዋርያው እጅ ሲያስመሰክሩብኝ ምን እላለሁ? ግን ሁለተኛውን መልእክት ደግሞ ይግለጡልኝ፣ 1፥5። እዚያ ያው ጳውሎስ ለያው ጢሞቴዎስ፣ እምነትህ አስቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል። ሎይድ የልጅ ልጇን አቅፋ ምን ስትነግረው አመሸች ይላሉ? ሐዋርያው የከለከለው የአሮጊቷን አፍ አይመስለኝም፤ ፍሬ የሌለውን ወሬ ነው።

ቢሆንም ነቀፋዎን አልጥልም። ማቀላቀል ጥፋት ነው። እኔን ከዚህ የጠበቀችኝ አያቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ መጽሐፏ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ነበር። ከጣሪያው የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች እያሳየች «የትም ብትቆሚ አንቺን ነው የሚያዩሽ» ትለኝ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ያ ደብር እንዴት እንደተረፈ ስትነግረኝ፣ ወራሪውን ያባረሩትን ንቦች በጥርሷ መሐል «እዝዝዝዝ» ታደርጋቸው ነበር፤ ገና ሳስበው አንገቴን እሸፍናለሁ። ግን ሁልጊዜ በ«ይባላል» ነበር የምትጨርሰው። የወንጌሉን ስትነግረኝ «ተጽፏል» ብላ ትጀምራለች። የጦጣና የቀበሮውን ስትነግረኝ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኔም «የላም በረት» እላለሁ፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። ተጽፏል፣ ይባላል፣ ተረት ተረት። ሦስት በር ያለው ቤት ነበር፤ አንድ ቀንም በአንዱ ገብታ በሌላው አልወጣችም። እኔም በዚያው እሄዳለሁ። ስቼ ካገኙኝ ቀኑንና ገጹን ይጻፉልኝ፣ እዚሁ አርማለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መጽሐፈ መሳፍንት 9 ላይ ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ይሄዳሉ፤ ወይራ እምቢ ይላል፣ በለስ እምቢ ትላለች፣ ወይን እምቢ ይላል፣ እሾሁ እሺ ይላል። ዛፍ ሲናገር ከአያቴ በፊት የሰማሁት ከዚያ ነው።

*

«በልደት ድራማ ላይ ማርያምንና ዮሴፍን የሚመልሰውን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሆኜ ተጫወትኩ። አክስቴ እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም አለችኝ። እውነት ነው?»
የ15 ዓመት ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አክስትህ ልክ ናት። ሉቃስ 2፥7 በማረፊያው ስፍራ እንዳልነበራቸው ብቻ ይናገራል፤ በር የዘጋ ሰው አልጠቀሰም። ማቴዎስም ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው አላለም፣ ሦስት ያለው እጅ መንሻውን ነው። ተጫወት ግን። የማይጻፍ ሰው መሆን ደስ ይላል። ብቻ ሲጠይቁህ «እኔን ደራሲው ነው የፈጠረኝ» በል። ደግሞ በሩን ስትዘጋ በጭካኔ አትዝጋው፤ ቤቱ የሞላበት፣ የደከመው ሰው እንደሚዘጋው ዝጋው። እኛ ሁላችን በራችንን እንደዚያ ነው የምንዘጋው።

*

«እማማ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ ወሎ እናቴ ጋ ትኖራለች። ትቻት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። እሑድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ዕረፍት አለኝ፤ በባሕሩ ዳርቻ ኮርኒሹ ላይ ተቀምጬ በኢሞ ቮይስ እልክላታለሁ። ‹ተማሪ፣ ጸልዪ፣ አያትሽን አትበጥብጪ› ከማለት ሌላ ምን እንደምል ጠፍቶኛል። ሃይማኖቷን ከእኔ እንድትማር እፈልጋለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል?»
የልጅ እናት፣ ከቤይሩት

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ምስሩን ወደ ጎን አድርጌዋለሁ።

አሥር ደቂቃ ይበዛል፤ አራት ይበቃል። የተቀመጥሽበትን ቦታ ግን ታውቂዋለሽ? ወሎ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ፣ ወይ እናትሽ በምትስምበት ደብር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ፤ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ። ከጎን ዛፍ ላይ የወጣች ልጅ አለች። ስሟን አስታወስሽ? ብሩታዊት። የቤይሩት ልጅ ማለት ነው። ፊት ለፊትሽ ያለው ባሕር ዳር እስከ ዛሬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ባሕረ ሰላጤ ይባላል፤ ዘንዶውን እዚያ ገደለው ይላሉ። ልጅሽ ሥዕሉን በየበዓሉ እያየችው ነው፤ አንቺ ሥዕሉ ውስጥ ተቀምጠሻል።

እንዲህ አድርጊ። በመጀመሪያው እሑድ ምንም አትናገሪ፤ ስልኩን ወደ ባሕሩ አዙሪና ማዕበሉን አንድ ደቂቃ ቅጂላት። ከዚያ «ይህን ድምፅ ብሩታዊትም ሰምታዋለች። ማን እንደሆነች አያትሽን ጠይቂ» በይና ቁረጪ። እናትሽ በሳምንቱ ውስጥ ወደ ሥዕሉ ወስደው ያሳዩአታል፤ እንዲያ ሥራውን ሁለታችሁ ትካፈላላችሁ። በሁለተኛው እሑድ ከተማውን ንገሪያት፦ ዘንዶው ውሃ ዳር ይተኛል፤ ሰዉ በየቀኑ በግ ይሰጠዋል፤ በግ ሲያልቅ ዕጣ መጣል ይጀመራል። ዕጣው የንጉሡ ልጅ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ አቁሚ። ታለቅሳለች፣ ትለምንሻለች፤ አቁሚ። አያቶቻችን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀሪውን ለነገ የሚያሳድሩት ቋንቋ አጥሯቸው አልነበረም። በሦስተኛው ዛፉን አምጪው። ለምን ዛፍ ላይ እንደወጣች አትንገሪያት፣ ጠይቂያት። መልሷን በራሷ ቮይስ ትላክልሽ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ስጠይቅ አንዷ «ፈርታ» አለች፣ አንዷ ግን «ከሩቅ የሚመጣውን ለማየት» አለች።

አራተኛው እሑድ የፈረሱ ነው። ፈረሱን በእግሩ ድምፅ አምጪው፣ በጣትሽ ደረትሽን ምቺ። ሚያዝያ 23 በዓሉ ሲደርስ ደግሞ እሷ ራሷ ታሪኩን መልሳ ትንገርሽ፤ ብትሳሳት አታርሚያት፣ ስትጨርስ «ይባላል» ማለትን ብቻ አስተምሪያት።

አሁን የማልደብቅሽ ነገር አለ። ልጅሽ ብልህ ከሆነች አንድ ቀን «ብሩታዊት ዛፍ ላይ ስትሆን እናቷ የት ነበረች?» ትልሻለች። ትጠይቃለች፣ አትጠራጠሪ። ያኔ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተአምር እንዳትሸሺባት። «እኔም እጠይቃለሁ» ልትዪያት ትችያለሽ። «ባሕሩን ተሻግራ ነበር» ልትዪያትም ትችያለሽ። አታልቅሺ አልልሽም። ማልቀስሽን ለመደበቅ ብለሽ ግን ቮይሱን አትቁረጪው፤ ዝም ካልሽም ባሕሩ ይሰማታል።

*

ከሀዋሳው ደብዳቤ ጋር አራት ቦታ የታጠፈች፣ በእርሳስ የተጻፈች ወረቀት ነበረች። ድራማውን ያየ የ9 ዓመት ልጅ ነው።

«በላዔ ሰብእ ዳነ። የበላቸው 78 ሰዎችስ?»

የኔ ጌታ፣ ይህንኑ ጥያቄ በአንተ ዕድሜ አያቴን ጠይቄያት ነበር። ቡና እያፈላች ነው። ማራገቢያውን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ ወደ ፍሙ አየች፤ ልትመልስልኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። «ሲኒዎቹን ቁጠሪና አምጪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ስድስት ሰው ነበርን፤ እሷ ግን ሰባተኛ አስጨመረችኝ፣ ቀዳችው፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ማንም አልጠጣውም።